ባልና ሚስት በሰው አገር፦ የአዶኒራምና የአን ጀድሰን ሕይወት በበርማ (1812–1826)

ባልና ሚስት ለወንጌል ሥራ ወደ ሌላ አገር ሊሄዱ ሲሉ በጉባኤ ፊት ቆመው የሚጸለይላቸውን ቀን ታውቁታላችሁ። ማይክራፎኑ ለባልየው ይሰጣል። እርሱም ስለ ጥሪው፣ ስለሚሄድበት ሕዝብና ስለ ራእዩ ይናገራል። ሚስቱ ልጅ ታቅፋ ከጎኑ ትቆማለች። መሪው በመጨረሻ ላይ፣ “ባለቤቱም አብራው ትሄዳለች” ይላል። ከዚያም እጅ ይጫናል፣ ይጸለያል፣ ጉባኤውም እልል ይላል። ከዚያ ወዲያ በየጊዜው የሚመጣው ደብዳቤ የእርሱ ነው፤ በጸሎት ፕሮግራማችን ላይ የሚጻፈውም ስም የእርሱ ነው።

“አብራው ትሄዳለች” የምትለው ይህች አጭር ንግግር የብዙ ቤተ ክርስቲያናትን አሳብ ትገልጣለች። ሚስትየዋ የአገልጋዩ አጃቢ ናት፤ ሥራው የእርሱ ነው፤ እርሷ ቤቱን ትይዝለታለች። ሉቃስ ግን እንዲህ አልጻፈም። ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮሜ ባስወጣ ጊዜ ወደ ቆሮንቶስ የመጡትን ባልና ሚስት በሐዋርያት ሥራ 18 ሲጠቅስ፣ ድንኳን ሲሰፉም፣ ጳውሎስን ሲያስተናግዱም፣ ወደ ኤፌሶን ሲሻገሩም፣ አጵሎስን ወስደው ሲያስተምሩም አቂላንና ጵርስቅላን አይነጣጥላቸውም። ጳውሎስም በሮሜ 16 አብረውት እንደሚሠሩ የመሰከረው ለሁለቱም ነው።

በዚህ ጽሑፍ አንድ የታሪክ ምስክር ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከሰሜን አሜሪካ ወደ በርማ፣ የዛሬዋ ምያንማር፣ የሄዱት አዶኒራምና አን ጀድሰን ናቸው። የአዶኒራም ስም በሚስዮን ታሪክ ትምህርት ውስጥ የታወቀ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ በርማ ቋንቋ የተረጐመ ሰው ነው። እኔ ግን እንድትመለከቱ የምጋብዛችሁ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች የማያውቁትን ሕዝብ እንዴት አድርገው እንዳወቁትና እንደ ወደዱት ነው። ያን መንገድ ስንከታተል፣ “አብራው ሄደች” የተባለችው ሴት ብዙውን ጊዜ ከፊት ስትሄድ እናገኛታለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለት ሰው ውሳኔ

አን ሃሰልታይን በማሳቹሴትስ ግዛት በብራድፎርድ ከተማ በ1789 ተወለደች። በወጣትነቷ ወደ ክርስቶስ የመጣች፣ ከዚያም በትምህርት ቤት ያስተማረች፣ ብዙ የምታነብ ሴት ነበረች። አዶኒራም በ1810 ሲያውቃት እርሱ የሴሚናሪ ተማሪ ነበር፤ ልቡም ወደ እስያ አዘንብሏል። ለአባቷ የጻፈው የጋብቻ ጥያቄ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይነገርለታል። ምክንያቱም የሚያባብል ቃል የለበትም። ልጃቸውን በዚህ ዓለም ዳግመኛ እንዳያዩአት፣ በባሕር አደጋ፣ በሙቀት አገር በሽታ፣ በስደትና ምናልባትም በግፍ ሞት ልታልፍ እንደምትችል ዘርዝሮ፣ ይህን ይፈቅዱ እንደ ሆነ ጠየቃቸው።

ወላጆቿ ውሳኔውን ለእርሷ ተዉት። አንም ወራት በጸሎት አሳለፈች። ከአሜሪካ እንዲህ ላለ ሥራ ወደ እስያ የሄደች ሴት ገና አልነበረችም፤ ብዙ የምታውቃቸው ሰዎችም ነገሩን እብደት ብለውት ነበር። በመጨረሻ የተስማማችው ለአንድ ወጣት ፍቅር ብላ ብቻ ሳይሆን በእግዚአብሔር ፊት የራሷን መልስ ሰጥታ እንደ ነበር ማስታወሻዎቿ ይመሰክራሉ። የካቲት 5 ቀን 1812 ተጋቡ። በማግስቱ እርሱ በሴለም ከተማ ለአገልግሎት ተሾመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የካቲት 19፣ ካራቫን በምትባል መርከብ ተሳፍረው ሄዱ። እርሷ 22፣ እርሱ 23 ዓመታቸው ነበር።

መንገዱ ገና ከመጀመሪያው መራራ ነበር። በካልካታ የእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ባለ ሥልጣናት አገር እንዲለቁ አዘዟቸው። በዚያው ዓመት በጥምቀት ጉዳይ አቋማቸውን ለውጠው ባፕቲስት በመሆናቸው ከላኳቸው ሰዎች ጋር የነበራቸው ግንኙነት ተቋረጠ። አብራቸው በመርከቧ የመጣችው የአን ወዳጅ ሃሪየት ኒዌል በሞሪሸስ ደሴት በ19 ዓመቷ ሞተች። ከማድራስ ወደ በርማ ሲሻገሩም አን የመጀመሪያ ልጇን በመርከብ ላይ ሞቶ ወለደች። ሐምሌ 13 ቀን 1813 ራንጉን፣ የዛሬዋ ያንጎን፣ ወደብ ሲደርሱ መቆም ስላቃታት ተሸክመው አወረዷት።

የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ልብ በሉ። ወደዚያ አገር የገቡት እንደ ባለጠጋ ለጋሾች አልነበረም። ላኪ ያልነበራቸው፣ ልጅ የሞተባቸው፣ ቋንቋ የማያውቁ ሁለት ወጣቶች ሆነው ነው።

የጠረጴዛ ቋንቋና የጓዳ ቋንቋ

ቋንቋውን ለመማር መዝገበ ቃላትም ሰዋስውም እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም። መምህራቸው እንግሊዝኛ አያውቅም። ዕቃ ይጠቁሙታል፤ ስሙን ይነግራቸዋል፤ እነርሱ ይጽፉታል። ጽሕፈቱ በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጫረ ነው፤ ፊደሎቹ ክብ ክብ ናቸው፤ በቃልና በቃል መካከልም ክፍተት የለም። አዶኒራም ግሪክና ዕብራይስጥ የተማረ ሰው ሳለ፣ ከሁለት ዓመት የበርማ ቋንቋ ጥናት በኋላ ከመፈተን ይልቅ ከሁለት ወር ጥናት በኋላ በፈረንሳይኛ መፈተን እንደሚቀለው ጽፏል።

መምህሩ በመጀመሪያ አንን ለማስተማር ግድ አልነበረውም። ሴት ብታውቅ ባታውቅ ምን ለውጥ ያመጣል ብሎ ያስብ ነበር። ባሏ የእርሷን መማር እንደ ራሱ መማር አድርጎ እንደሚቆጥረው ባየ ጊዜ ግን ለእርሷም ይተጋ ጀመር። እዚህ ላይ ትንሽ ቁም ነገር አለ። ያ መምህር ስለ ወንጌል ከሰማው ቃል አስቀድሞ ያየው አንድ ባል ሚስቱን እንዴት እንደሚያከብር ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። አዶኒራም ከጠዋት እስከ ማታ ከመምህሩ ጋር በጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ይውላል። አን ደግሞ ቤቱን መምራት አለባት፤ ከሠራተኞች ጋር ትነጋገራለች፣ ገበያ ታስገዛለች፣ ጎረቤት ታነጋግራለች። ይህ ሁሉ በበርማ ቋንቋ ነው፤ ሌላ የሚግባቡበት ቋንቋ የለም። በዚህ የተነሣ እርሷ በንግግር ቀደመችው። እርሱ የቋንቋውን አሠራርና ሕግ በጥልቀት ያውቃል፤ እርሷ ግን ቀኑን ሙሉ ስለምትናገረው የዕለት ተዕለቱን ንግግር ከእርሱ የበለጠ ትችለው እንደ ነበር ራሷ ጽፋለች።

ስለዚህ በዚያ ቤት ሁለት ዓይነት እውቀት ነበር። አንደኛው ከመጽሐፍ የሚገኝ ነው፤ ፊደሉን፣ ሰዋስውን፣ የሃይማኖታቸውን መጻሕፍት፣ በኋላም የቡድሃ መጻሕፍት የተጻፉበትን የፓሊ ቋንቋ ያካትታል። ሁለተኛው ከጓዳና ከገበያ የሚገኝ ነው። ሰው ሲቆጣ ምን እንደሚል፣ እናት ልጇን እንዴት እንደምታባብል፣ ዋጋ እንዴት እንደሚከራከሩበት፣ ለትልቅ ሰው እንዴት እንደሚናገሩ የሚታወቀው በዚህ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሁለቱንም ይፈልጋል። የመጀመሪያው ብቻ ካለን የተማሩ ሰዎች ብቻ የሚረዱት ትርጉም እናወጣለን፤ ሁለተኛው ብቻ ካለን ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች የጻፈውን መልእክት መተርጐም ያቅተናል።

አንም በጓዳ አልቀረችም። ለትምህርት የሚሆን የክርስትና ጥያቄና መልስ በበርማ ቋንቋ አዘጋጀች፤ ማተሚያ መሣሪያ ከደረሰላቸው በኋላ ከአዶኒራም አጭር ጽሑፍ ጋር ታተመ። ዮናስንና ዳንኤልን ወደ በርማ ቋንቋ መልሳለች። በራንጉን የሚኖሩ የሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ፣ ሰዎች ስለ ነበሩ የእነርሱንም ቋንቋ ተምራ የማቴዎስን ወንጌል በረዳት ወደ ሲያም ቋንቋ ተረጐመች። የበርማ ሴቶችንም በእሑድ እየሰበሰበች ታስተምር ነበር።

ልቅሶ የደረሱላቸው ጎረቤቶች

በ1813 መጨረሻ ላይ አን የአገረ ገዢውን ባለቤት ልትጎበኝ ሄደች። ምክንያቷን አልደበቀችም። አንድ ቀን ችግር ቢገጥማቸው፣ ባሏ አገረ ገዢው ፊት መቅረብ ባይችል እንኳ እርሷ በሚስቱ በኩል መግባት እንድትችል ነው። እንደ አገሩ ወግ ጠበቀች፤ ወይዘሮዋም ረጅም የብር ፒፓቸውን እያጨሱ መጡ፣ በደስታም ተቀበሏት። በዚያች አገር ሴቶች በቤት ተዘግተው አይኖሩም፤ ይነግዳሉ፣ በአደባባይ ይታያሉ። አን ይህን አስተውላለች፤ በዚያው በር ለመግባትም አላመነታችም።

በመስከረም 1815 ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ ስሙን ሮጀር አሉት። በራንጉን ከተማ እንደ እርሱ ያለ ነጭ ሕፃን ስላልነበረ ጎረቤቶች ሊያዩት ይመጡ ነበር። ስምንት ወር ሳይሞላው፣ በግንቦት 1816፣ በትኩሳት ሞተ። በግቢያቸው በዛፎች ሥር ቀበሩት።

ከጥቂት ቀን በኋላ የአገረ ገዢው ባለቤት ብዙ አጃቢ አስከትለው መጡ። ለምን እንዳላስነገሩባቸው፣ ቀብሩ ላይ እንዳይገኙ ለምን እንዳደረጓቸው አንን ጠየቋት። አን ከኀዘኗ ብዛት እንዳላሰበችው ነገረቻቸው። ወይዘሮዋ አጽናኗት፤ ቀጥሎም አየር እንድትለውጥ፣ ልቧም ቀዝቀዝ እንዲል፣ በዝሆን ላይ ተቀምጣ ወደ ገጠር አብራቸው እንድትወጣ ጋበዟት።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ማንም ሳያብራራልን እንረዳለን። ለልቅሶ አለመጠራት ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። “ለምን አልነገራችሁኝም?” የሚለው ወቀሳ ከወዳጅ እንጂ ከባዕድ አይመጣም። አንድ ሰው በሰው አገር ውስጥ ቤተሰብ መሆኑን የሚያውቀው እንዲህ ተብሎ ሲወቀስ ነው። ያን ጊዜ በእነርሱ አገልግሎት ገና አንድም በርማዊ ክርስቶስን አላመነም ነበር። አማኝ ከመገኘቱ በፊት ልቅሶ የሚደርስ ጎረቤት ተገኘ። ሚስዮናውያኑ የሰጡት ገና ምንም አልነበረም፤ የሰጧቸው የአገሩ ሰዎች ነበሩ።

እንግዳ ሕዝብን መውደድ ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። ሊሰጥ ብቻ የሄደ ሰው የሚያየው የሕዝቡን ጉድለት ነው፤ ያለ ጉድለት የእርሱ ስጦታ አያስፈልግምና። መቀበልን የተማረ ሰው ግን የሕዝቡን ደግነት ያያል። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልክ ከረጢት አስጥሎ፣ በተቀበላቸው ቤት ያቀረቡላቸውን እየበሉ እንዲቀመጡ ያዘዛቸው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ዛያት

ከስድስት ዓመት ገደማ ቆይታ በኋላ፣ በ1819፣ አዶኒራም ለስብከት የሚሆን ቤት ሠራ። የሠራው ግን በአገሩ በማሳቹሴትስ የሚያውቀውን፣ ደወል የተሰቀለበትን የጸሎት ቤት አይደለም። በርማውያን “ዛያት” የሚሉት ነገር አላቸው፤ መንገደኛ የሚያርፍበት፣ ሰው ተቀምጦ የሚጨዋወትበት፣ የሃይማኖት ትምህርትም የሚሰማበት ክፍት ቤት ነው። እርሱም በዚያው ዓይነት ከቀርከሃና ከሣር ዛያት ሠራ። ቦታውም ወደ ታላቁ የሽዌዳጎን ቤተ መቅደስ ሰው በሚመላለስበት መንገድ አጠገብ ነበር። የፊቱ በረንዳ ለመንገዱ ክፍት ነው፤ እርሱ እዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ያነጋግራል። ሚያዝያ 4 ቀን የመጀመሪያው የአደባባይ አምልኮ ሲደረግ ከልጆች ሌላ 15 ያህል ሰዎች ነበሩ። ሰኔ 27 ማውንግ ናው የሚባል ሰው ተጠመቀ፤ በእነርሱ አገልግሎት ካመኑት በርማውያን የመጀመሪያው እርሱ ነው። በተከታዩ ዓመት ማ ሜን ላ የምትባል አስተዋይ ሴት ተጠመቀች፤ ከሴቶች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት።

በቃል ረገድም እንዲሁ ነው። “ፓያ” የሚለው ቃል በበርማ ቋንቋ ለቡድሃም፣ ለቤተ መቅደሱም፣ ለታላላቅ ሰዎችም የሚነገር የክብር ቃል ነው። የጀድሰን መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉን አልጣለውም፤ “ታኪን” ማለትም “ጌታ” ከሚለው ጋር ተያይዞ የሕያው እግዚአብሔር መጠሪያ ሆነ፤ የበርማ ክርስቲያኖችም እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠሩታል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይሁንብን። “እግዚአብሔር” ብለን ስንጠራ፣ በግዕዝ “የአገር ጌታ” የሚል ትርጉም ያለውን ቃል አባቶቻችን ለፈጣሪ እንደ ለዩት እናስታውሳለን።

እዚህ ላይ ግን ልከኛ እንሁን። ጀድሰኖች ባህልን ማክበር ማለት እምነትን ሁሉ እኩል ማየት ነው አላሉም። ቡድሂዝም የኃጢአት ይቅርታ የሚሰጥ አምላክ እንደሌለው፣ በዚህም የተነሣ ሰውን ያለ ተስፋ እንደሚተወው በግልጽ ይናገሩ ነበር። አቋማቸው የቤቱን አሠራር፣ የአቀማመጡን ሥርዓትና የአክብሮቱን ቃል ተቀብሎ፣ የሚሰበከውን ክርስቶስን አለመለወጥ ነው።

እንከን የሌለባቸውም አልነበሩም። በመጀመሪያ ዓመታት የጻፏቸው ደብዳቤዎች ስለ ሕዝቡ ጠንከር ያሉ፣ ዛሬ ስናነባቸው የሚያሳፍሩ ቃላት አሉባቸው፤ የዘመናቸው ልጆች ነበሩ። በኋላም አን ሁለት የበርማ ልጃገረዶችን በቤቷ ተቀብላ ስታሳድግ የራሷን እኅቶች ስም፣ ሜሪና አቢ፣ አወጣችላቸው። በፍቅር ያደረገችው ነው፤ ልጆቹ ግን የራሳቸው ስም ነበራቸው። ይህን የማነሣው ለመክሰስ አይደለም። ሰውን ከልብ እየወደዱ ሳለ የራሱን ነገር መንጠቅ እንደሚቻል ለራሳችን እንድናውቅ ነው።

ቢሆንም ልባቸው ተለውጦ ነበር። አን በጽኑ ሕመም ምክንያት ለሕክምና ወደ አሜሪካ ስትሄድ፣ ራንጉን በምድር ላይ ከሁሉ ይልቅ የምትወደው ስፍራ እንደ ሆነባት ጻፈች። ከዓመታት በፊት ተሸክመው ያወረዷት ወደብ ማለት ነው። አገሯ ገብታ እናቷንና እኅቶቿን ካየች በኋላም አልቀረችም፤ በ1823 መጨረሻ ወደ በርማ ተመለሰች።

የእስር ቤቱ ፈተና

እንደ ተመለሰች ወደ ንጉሡ ከተማ ወደ አቫ ሄዱ። በ1824 በእንግሊዝና በበርማ መካከል ጦርነት ተነሣ። ለበርማ ሹማምንት እንግሊዝኛ የሚናገር ነጭ ሁሉ ሰላይ ነበር። ሰኔ 8 አዶኒራምን ከቤቱ ጎትተው፣ በገመድ ጠፍረው ወሰዱት፤ በእግሩ ሦስት ጥንድ ሰንሰለት አግብተው በሞት ፍርደኞች ወኅኒ ጣሉት። በወኅኒና በግዞት 17 ወር ያህል ኖረ።

ከሰው በቀር ማንም ሊረዳት የማይችልበት ሰዓት ነበር። ኤምባሲ የለም፤ ገንዘቡም ተወስዷል። እርሷም እርጉዝ ነበረች። የነበራት ነገር ሁለት ነው፤ ቋንቋዋና ወግ ማወቋ። የበርማ ልብስ ለብሳ ከሹም ወደ ሹም ትሄዳለች። ከማን ዘንድ እንደሚጀመር፣ እጅ መንሻ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ከንግሥቲቱ ዘመዶች ማን እንደሚለመን ታውቃለች። ለባሏ ምግብ እንድታስገባ፣ ከወኅኒው ውስጥም ወደ ግቢው እንዲያወጡት ያስፈቀደችው በዚህ ነው።

በተለይ የከተማይቱን ሰሜን በር የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ሹም ወዳጇ ሆኑ። ስለ አገሯ ወግ ሲጠይቋት ታጫውታቸዋለች፤ ስለ ራሳቸው ወግ ሲናገሩ ታዳምጣለች። በኋላም በግቢያቸው፣ ከወኅኒው በር ፊት ለፊት፣ ትንሽ የቀርከሃ ቤት እንድትሠራ ፈቀዱላት። እኚህ ሰው የውጭ እስረኞቹን በስውር እንዲገድሉ ሦስት ጊዜ ታዘው እንቢ እንዳሉ ራሳቸው ነግረዋታል።

የትርጉሙን ሥራ ያዳነችውም እርሷ ናት። የአዲስ ኪዳኑን ረቂቅ በመሬት ቀብራ ነበር፤ እርጥበት እንዳያበላሸው ስለ ፈራች በሻካራ ትራስ ውስጥ ሰፍታ ወደ ወኅኒ አስገባችው። ማንም እንዳይመኘው ሆን ብላ እንዳይመች አድርጋ ሰፋችው። እስረኞቹ በግንቦት 1825 ወደ ሌላ ስፍራ በድንገት ሲወሰዱ ትራሱ ተጣለ። ማውንግ ኢንግ የሚባል በርማዊ ደቀ መዝሙር ለመምህሩ መታሰቢያ ይሁን ብሎ ጥቅሉን ወደ ቤት ወሰደው፤ ረቂቁም ከወራት በኋላ ደኅና ሆኖ ተገኘ።

እስረኞቹ ወደ ተወሰዱበት መንደር አን የጥቂት ወር ሕፃን የሆነችውን ማርያን ታቅፋ ተከተለች። እዚያም በበሽታ ወደቀች፤ ጡቷም ደረቀ። አዶኒራም ጠባቂዎቹን ለምኖ፣ ሰንሰለቱን እየጎተተ፣ ሕፃኗን ይዞ በመንደሩ የሚያጠቡ እናቶች ወዳሉበት ቤት ለቤት ይዞር ነበር። የበርማ እናቶችም ከጡታቸው ሰጧት። አገራቸው ከነጮች ጋር በጦርነት ላይ ሳለ የነጭ እስረኛን ልጅ አጠቡ። ሚስዮናዊው እንደገና ተቀባይ ሆነ።

በዚያ መከራ መካከል የሆነ አንድ ትንሽ ነገርም አለ። አዶኒራም በአቫ ሳለ አን ልታስደስተው አሰበችና በአገራቸው የሚወደደውን፣ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር የሥጋና የፍራፍሬ ምግብ ከጎሽ ሥጋና ከሙዝ አስመስላ ሠርታ ላከችለት። እርሱ ባየው ጊዜ የአባቱ ቤት ማዕድ ትዝ አለው፤ ራሱን በጉልበቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፣ መብላትም አቃተው፣ አብሮት ለታሰረ ሰው ሰጠው። የሰውን አገር መውደድ የራስን አገር መርሳት አይደለም። በርማን በሙሉ ልቡ የወደደው ሰው በእናቱ አገር ምግብ ፊት አለቀሰ።

አዶኒራም በ1825 መጨረሻ ለእርቁ ንግግር አስተርጓሚ እንዲሆን ከሰንሰለት ወጣ፤ በየካቲት 1826 ሰላም ሆነ። በዚያው ዓመት፣ እርሱ በአስተርጓሚነት ወደ አቫ ሄዶ ሳለ፣ አን በአምኸርስት ከተማ በትኩሳት ታመመች። ጥቅምት 24 ቀን 1826 በ36 ዓመቷ ሞተች። እርሱ በኋላ ለእናቷ በጻፈው ደብዳቤ እንደ ገለጠው፣ እስትንፋሷ ከመውጣቱ በፊት በመጨረሻ ከአፏ የወጣው የጭንቅ ድምፅ በበርማ ቋንቋ ነበር። ትንሿ ማርያም ከስድስት ወር በኋላ ተከተለቻት።

አዶኒራም ከዚያ ወዲያ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረ። በ1834 የመላው መጽሐፍ ቅዱስን ትርጉም ጨረሰ፤ እርማቱን በ1840 ፈጸመ። ያ ትርጉም ዛሬም በበርማ አብያተ ክርስቲያናት ይነበባል።

ለእኛ ለመጋቢዎችና ለተማሪዎች

ዛሬ ከአብያተ ክርስቲያኖቻችን ብዙ ባልና ሚስት ወደ ውጭ ይሄዳሉ። አንዳንዶቹን እኛ እንልካቸዋለን፤ የሚበዙትን ግን ሥራ፣ ትምህርት ወይም ስደት ይወስዳቸዋል። በዋሽንግተንም፣ በስቶክሆልምም፣ በዱባይም ያሉ የአማርኛ ጉባኤዎች የእነርሱ ናቸው። ከጀድሰኖች ታሪክ ለእነርሱ ሦስት ነገር እንውሰድ።

አንደኛ፣ ሁለቱንም እንጠይቃቸው። ሚስትየዋ በእግዚአብሔር ፊት የራሷን መልስ ሳትሰጥ ባልየው ላይ ብቻ እጅ የምንጭን ከሆነ፣ በባዕድ አገር የሚመጣውን ፈተና የምትቋቋምበትን መሠረት እየከለከልናት ነው። የቋንቋ ትምህርት በጀት ስናወጣም ለሁለት ሰው እናውጣ። ልጅ የሚይዝ ሰው ስላጣች ብቻ ቋንቋ ሳትማር ዓመታት የሚያልፉባት እኅት፣ አንን ጀግና ያደረገውን በር ተዘግቶባታል።

ሁለተኛ፣ መቀበልን እናስተምራቸው። ጎረቤት ያመጣውን ምግብ መብላት፣ ሲያዝኑ ለጎረቤት መንገር፣ መንገድ ሲጠፋቸው መጠየቅ እንደ ድካም አይቆጠር። በአማርኛ ጉባኤያችን ብቻ ተከበን ዓመታት ብንኖር፣ ልቅሶ የሚደርሱልን የአገራችን ሰዎች ብቻ ይሆናሉ፤ የአገሩ ሰዎችም እንደ ሞተብን እንኳ ሳያውቁ ይቀራሉ።

ሦስተኛ፣ ናፍቆታቸውን እንደ ኃጢአት አንቁጠርባቸው። በበረዶ አገር እንጀራ ለመጋገር የምትደክም እኅት ወይም የቡና ሽታ የሚያስለቅሰው ወንድም ለአዲሱ አገር ልቡን አልሰጠም ማለት አይደለም።

በሚቀጥለው ጊዜ ባልና ሚስት በጉባኤያችሁ ፊት ሲቆሙ፣ ማይክራፎኑን ለባልየው ከሰጣችሁ በኋላ ለእርሷም ስጧት። ልጁን እርሱ ይታቀፍ። እግዚአብሔር ምን እንዳላት ትንገረን፤ ስሟንም በጸሎት ዝርዝራችን ላይ እንጻፈው።